ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነውን?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤

ብዙ ዘመን ሳስተምር ከተማሪዎች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ መልስ ነበረ፤ ይኸውም «ክልክል ነው ተብሎ አልተጻፈም» የሚል ነው። ይህ ቃል ከልጅ አፍ ሲወጣ ያስቃል እንጂ አያስቈጣም፤ ልጁ ከሰልፉ ቢወጣ ወይም በማይገባ ሰዓት ኳስ ቢጫወት የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነውና። ነገር ግን ልጁ አድጎ ነጋዴ ወይም ሹም ሲሆን ቃሉም አብሮት ያድጋል። ያን ጊዜ ማሳቁ ይቀርና የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ይህን ቃል ልንመረምረው ይገባል። ሕግ ያልከለከለው ነገር ሁሉ የተፈቀደ ነውን? ሕግ ባልደረሰበት ቦታ የቆመ ሰውስ «ሕጉ አላገኘኝምና ንጹሕ ነኝ» ሊል ይችላልን?

በባዶ ቃል ከመከራከር በእውነተኛ ታሪክ ማስረዳት ስለሚሻል፥ ስለ ጦር መሣሪያ ማዕቀብ፥ ይልቁንም ይህ ማዕቀብ በባሕር ማዶ ባሉ ትንንሽ ግዛቶች እንዴት እንደሚጸናና እንዴት እንደሚፈርስ እናገራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማዕቀብ ማለት መንግሥታት ተስማምተው፥ ለእገሌ አገር ወይም ለእገሌ ወገን መሣሪያ አይሸጥ፥ አይላክ፥ አይጓጓዝ ብለው የሚያውጁት ክልከላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በቻርተሩ አንቀጽ 41 ይህን ለማዘዝ ሥልጣን አለው፤ በአንቀጽ 25 ደግሞ አባል መንግሥታት ሁሉ ውሳኔውን ለመፈጸም ቃል ገብተዋል። ይሁን እንጂ በኒው ዮርክ የተወሰነ ውሳኔ ብቻውን አንዲት ሣጥን ጥይት እንኳ አያቆምም። ሣጥኗን የሚያቆማት በወደብ ያለው የጉምሩክ ሠራተኛ ነው። እርሱም ለመፈተሽና ለመያዝ፥ ዳኛውም ለመፍረድ፥ በዚያ ቦታ የሚሠራ ሕግ ሊኖራቸው ያስፈልጋል። እንግዲህ ውሳኔው ከትልቁ አዳራሽ ተነሥቶ እስከ ትንሹ ወደብ ድረስ የሚሄድበት መንገድ ያሻዋል ማለት ነው።

ይህ መንገድ እጅግ የሚረዝመው የባሕር ማዶ ግዛት ላላቸው መንግሥታት ነው። ብሪታንያን እንመልከት። ጂብራልታር፥ ቤርሙዳ፥ የካይማን ደሴቶች፥ ቅድስት ሄሌና፥ እንዲሁም በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለችውና 50 ያህል ሰው ብቻ የሚኖርባት ፒትኬርን ከባሕር ማዶ ግዛቶቿ ውስጥ ናቸው። ከነዚህ ሌላ በአጠገቧ አይል ኦፍ ማን፥ ጀርሲና ገርንዚ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እነዚህ ለብሪታንያ ዘውድ የሚገዙ ሲሆኑ የብሪታንያ ክፍል አይደሉም፤ የራሳቸው ምክር ቤትና የራሳቸው ሕግ አላቸው። በ1946 የወጣው ሕግ የጸጥታው ምክር ቤት የሚያዘውን ማዕቀብ መንግሥት በዘውዱ ስም ትእዛዝ አውጥቶ እንዲፈጽም ፈቀደ። ትእዛዙ ሲወጣ ግን በየትኞቹ ግዛቶች እንደሚሠራ ተለይቶ መጻፍ ነበረበት። በትእዛዙ ያልታቀፈች ደሴት ከክልከላው ውጭ ትቀራለች። አንድ ጸሐፊ አንድ መስመር ቢረሳ አንድ በር ተከፍቶ ያድራል ማለት ነው።

አሁን ይህ በር ተከፍቶ ያደረበትን ጊዜ ልንገርህ።

በአፕሪል 1994 በሩዋንዳ የቱትሲን ወገን ከምድር ለማጥፋት ጭፍጨፋ ተጀመረ። እምቢ ያሉ ሁቱዎችም አብረው ተገደሉ። በ100 ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት እንደሚገምተው 800,000 ያህል ሰው አለቀ። በሜይ 17 ቀን የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቍጥር 918 ወደ ሩዋንዳ መሣሪያ እንዳይገባ ከለከለ። የሩዋንዳ መንግሥት ያን ጊዜ ራሱ በምክር ቤቱ ወንበር ስለ ነበረው ክልከላውን ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ፤ ከእርሱ በቀር የተቃወመ አልነበረም፤ የቀሩት 14ቱ ደገፉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ በኖቬምበር 1996፥ ዛሬ ኮንጎ በምትባለው በዛየር ምሥራቃዊ ክፍል፥ የተሸነፈው የሩዋንዳ ጦር ጥሎት በሸሸው ሰፈር ወረቀቶች ተገኙ። ወረቀቶቹ ሚልቴክ የሚባል በአይል ኦፍ ማን የተመዘገበ ኩባንያ ከአፕሪል እስከ ጁላይ 1994 ለዚያ ጨፍጫፊ መንግሥት በሚልዮን ዶላር የሚቈጠር መሣሪያ እንዳቀረበ የሚያሳዩ ነበሩ። እንደ ወረቀቶቹ አባባል መሣሪያው ከአልባኒያና ከእስራኤል በአውሮፕላን ተጭኖ ጎማ ላይ የሚራገፍ ነበረ። የአይል ኦፍ ማንን መሬት የነካ ጥይት የለም። በደሴቲቱ ላይ የነበረው የኩባንያው ስምና መዝገብ ብቻ ነው። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው የአባቶች ተረት ቃል በቃል ተፈጸመ።

የብሪታንያ መንግሥት ነገሩን ካስመረመረ በኋላ በጃንዋሪ 1997 ይፋ በሆነው ዘገባ አንድ የሚያሳፍር ነገር ተገለጠ። የሩዋንዳን ማዕቀብ ለመፈጸም የወጣው ትእዛዝ ለአይል ኦፍ ማን፥ ለጀርሲና ለገርንዚ አልተዘረጋም ነበረ። ለሩቆቹ ግዛቶች በ1995 ትእዛዝ ወጥቶላቸው ነበር፤ በቅርብ ያሉት ደሴቶች ግን እስከ ዲሴምበር 1996 ድረስ ሳይታሰቡ ቆዩ። በዚያ ወር የወጣው ትእዛዝ የሩዋንዳንና የላይቤሪያን ስም ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ስም ጋር አንድ ላይ ይጠራል። በሶማሊያ ላይ ማዕቀብ የተጣለው በጃንዋሪ 1992 መሆኑን ስታስብ፥ አንድ ውሳኔ ከአዳራሽ እስከ ደሴት ለመድረስ ስንት ዘመን ሊፈጅበት እንደሚችል ትረዳለህ።

እንግዲህ የበደለው ማን ነው? ሦስት ሰዎች በፊታችን ቆመው ሲከራከሩ እናስብ።

መጀመሪያ ነጋዴው ይነሣና «ስሜ በተመዘገበበት ቦታ ይህን ሥራ የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ እኔም ሕግ አላፈረስሁም» ይላል። ሁለተኛ በዋናው ከተማ ያለው ሹም ተነሥቶ «እኔ ትእዛዙን አውጥቻለሁ፤ ስለ ደሴቶቹ የሚያስበው ሌላ ክፍል ነው» ይላል። ሦስተኛ የደሴቲቱ ሰው ተነሥቶ «እኛ ትንሽ ነን፤ ዕቃው በአገራችን አላለፈም፤ የኛ ሥራ ስም መመዝገብና የመዝገብ ዋጋ መቀበል ብቻ ነው» ይላል። ሦስቱም የተናገሩት ነገር በየራሱ እውነትነት አለው። ሦስቱም እውነት ተናግረው ሲያበቁ ግን ጥይቱ ጎማ ደርሷል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? እያንዳንዳቸው የጠየቁት «ምን ታዝዣለሁ?» ብለው እንጂ «ከእጄ የሚወጣው ነገር የት ይደርሳል?» ብለው ስላልሆነ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ቍጣ ሲይዘን «ሕግ ኖረም አልኖረም ይቀጡ!» ማለት ይቀናናል። ይህ ትክክል አይደለም። ባልተጻፈ ሕግ ሰውን ማሰር ወይም ዛሬ በወጣ ሕግ የትናንቱን ሥራ መቅጣት ሌላ የግፍ በር ይከፍታል። ዛሬ ክፉውን ነጋዴ የያዝንበት በር ነገ ንጹሑን ድኻ ይውጠዋል። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን፤ ቅጣትና በደል አንድ አይደሉም። ዳኛ ሊቀጣ የሚችለው ሕግ የሰጠውን ያህል ብቻ ነው። በደል ግን ሕግ ከመጻፉ በፊትም በደል ነው። የጭፍጨፋውን ወሬ ዓለም ሁሉ በየቀኑ ሲሰማ ለጨፍጫፊው ጥይት የሚያቀርብ ሰው፥ ዳኛ ባይቀጣው እንኳ ንጹሕ አይባልም። የሕግ ዝምታ ከእስር ያድነው ይሆናል፤ ከበደል ግን አያነጻውም።

ደግሞም የሕግ ዝምታ ሰውን ሁሉ ዝም አያሰኝም። ይህን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በኖቬምበር 1977 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቍጥር 418 የዘር መድልዎ ይገዛት በነበረችው በደቡብ አፍሪካ ላይ ሁሉን አገር የሚያስገድድ የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። በዚያው ዘመን ስፔስ ሪሰርች ኮርፖሬሽን የሚባል ኩባንያ በካሪቢያን ባሕር ባለችው በአንቲጓ ደሴት በኩል የመድፍ ጥይት ወደ ደቡብ አፍሪካ ያሳልፍ ነበር። አንቲጓ ያን ጊዜ የውስጥ አስተዳደሯን ራሷ ብትይዝም የውጭ ጉዳይዋና መከላከያዋ በብሪታንያ እጅ ነበረ። ነገሩ መታወቅ የጀመረው በወደቡ ነው፤ ጭነት ሲጫን አንድ ዕቃ ተሰብሮ የመድፍ ጥይቱ ለወደብ ሠራተኞች ታየ። እነርሱ የሕግ ምሁራን አልነበሩም። ያዩትን ግን አይተናል አሉ፤ ወሬውም ከደሴቲቱ ወጥቶ ተሰማ። በ1980 ኩባንያው በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ፤ መሪውም ታሰረ። ልብ ብለህ ተመልከት፤ ማዕቀቡን ከማንም ቀድሞ ያስከበረው ዕቃ ተሸክሞ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ዓይን ነው።

ምናልባት አንተ «ማዕቀብ ራሱ ግፍ ሊሆን ይችላል፤ በ1935 ለእኛ ምን ጠቀመን?» ትለኝ ይሆናል። ጥያቄህ ተገቢ ነው። በኦገስት 1930 ኢትዮጵያ፥ ብሪታንያ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በፓሪስ በፈረሙት ውል መሠረት የኢትዮጵያ መንግሥት የሚያስፈልገውን መሣሪያ የማስገባት መብት ነበረው። ነገር ግን በ1935 ኢጣልያ ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ጦሯን ስታጓጉዝ፥ ብሪታንያ ወደ ሁለቱም ወገን መሣሪያ የሚላክበትን ፈቃድ መስጠት አቆመች። ለሰሚው እኩል ፍርድ ይመስላል። ኢጣልያ ግን መድፉንም አውሮፕላኑንም በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ ፋብሪካ አልነበራትም። ለአንዱ ምንም ያልሆነው ክልከላ ሌላውን እጁን አሰረው። ክልከላው ለኢትዮጵያ የተነሣላት ወረራው በኦክቶበር ከተጀመረና የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን ጥፋተኛ ካላት በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን የባቡሩ በር በነበረችው በፈረንሳይ ግዛት በጅቡቲ መሣሪያው እንደ ልብ እንዲያልፍ አልተፈቀደም።

ይህን ታሪክ ከሩዋንዳው ጋር አስተያየው። በአይል ኦፍ ማን በኩል የተከለከለው አለፈ፤ በጅቡቲ በኩል መብት የነበረው ታገደ። አንዱ የሌላው ተቃራኒ ይመስላል፤ በሽታቸው ግን አንድ ነው። በዋናው ከተማ የተነገረው ቃልና በሩቁ ወደብ የሚሠራው ሥራ አልተገናኙም። ቃሉ ከሥራው ሲለይ የሚጎዳው ደግሞ ሁልጊዜ ደካማው ነው፤ ባለጠጋው በሌላ በር ይገባልና። እንግዲህ የ1935ቱ በደላችን የሚያስተምረን ሕግ ይናቅ ብሎ ሳይሆን፥ ሕግ ትክክል ይሁን፥ ትክክል ከሆነም እስከ መጨረሻው ወደብ ይድረስ ብሎ ነው። ማዕቀብ ስሕተት ሲገኝበት መድኃኒቱ በአደባባይ ማረም ነው። በ1997 በሴራሊዮን ላይ የተጣለው ማዕቀብ፥ በጁን 1998 በምክር ቤቱ ተሻሽሎ ለሕጋዊው መንግሥት ተነሥቶለታል። እንዲህ ያለው እርማት ያስከብራል፤ በተረሳ ደሴት ሾልኮ ማለፍ ግን የማዕቀቡን ስሕተት አያርምም፤ ገንዘብ ላለው ብቻ ሌላ መንገድ ያበጅለታል።

የኛም አገር ስም በእንደዚህ ያለ ትእዛዝ ላይ ተጽፏል። ኢትዮጵያና ኤርትራ በድንበር ምክንያት ሲዋጉ፥ የጸጥታው ምክር ቤት በሜይ 17 ቀን 2000 በውሳኔ ቍጥር 1298 በሁለቱም ላይ ለ12 ወር የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። ያን ጊዜ ብሪታንያ የሩዋንዳውን ትምህርት አልረሳችም፤ ለባሕር ማዶ ግዛቶቿም ለአይል ኦፍ ማንም በዚያው ዓመት ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙን ያፈረሰ ሰው እስከ 7 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችል ነበር። ማዕቀቡ በሜይ 2001 ጊዜው አልቆ ቀረ። ስለ ኢትዮጵያ አንዳች በማያውቁ ደሴቶች የሕግ መዝገብ ላይ የአገራችን ስም ከወንድም አገር ስም ጋር እንዲህ ላለ ነገር መጻፉ ያሳዝነኛል። ነገር ግን «ደሴቶቹ ቢረሱ ይሻልህ ነበርን?» ብትለኝ፥ አይሻለኝም እልሃለሁ። በተረሳ በር የሚገባ ጥይት የማን እናት ልጅ መሆኑን ጠይቆ አይመታምና።

ዛሬ ብሪታንያ የምትሠራው በ2018 በወጣ ሌላ ሕግ ነው። ቤርሙዳና ጂብራልታር በራሳቸው ሕግ ሲፈጽሙ፥ ለቀሩት የባሕር ማዶ ግዛቶች ክልከላው አሁንም በትእዛዝ ይዘረጋል። የወረቀቱ መልክ ቢለወጥም ጥያቄው አልተለወጠም፤ ቃሉ እስከ መጨረሻው ደርሷልን?

በአገራችን የቆየ አንድ ልማድ ይህን ነገር በሚገባ ያስረዳል። ሁለት ሰዎች ዱላ ተማዝዘው ሳለ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ፥ ተጣዮቹ ባሉበት ቀጥ ይሉ ነበር። መንገደኛው ዳኛ አይደለም፤ ዘበኛም አይደለም፤ ቦታው ከከተማ የራቀ ዱር ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን ከሰዎቹ ጋር አብሮ ይጓዝ ነበርና በደረሱበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሕግ የተረሳ ደሴት የለውም። የተጻፈው ሕግ ከዋናው ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳር ይሄዳል፤ በመንገዱም ሊዘገይ ይችላል። ይህኛው ግን ከሰው ልብ የሚነሣ ስለ ሆነ መንገዱን ቀድሞ ጨርሶታል። ለአንድ ሕዝብ ሁለቱም ያስፈልጉታል። የተጻፈው ሕግ ሳይኖር ልብ ብቻውን ነጋዴን ሁሉ አያግድም፤ ልብ ሳይኖር ደግሞ የተጻፈው ሕግ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ሲሮጥ ይኖራል።

ልጄ ሆይ፥ ነገ አንተ የአንዱ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፥ የአንዱ ወደብ ተቆጣጣሪ፥ ወይም የአንዱ ኩባንያ ባለቤት ትሆናለህ። ጸሐፊ ብትሆን፥ የምታወጣው ደንብ የማን ስም እንደ ቀረበት ሁለት ጊዜ ተመልከት፤ በሩ የሚከፈተው በተረሳው መስመር ነውና። ተቆጣጣሪ ብትሆን፥ የተሰበረ ሣጥን ስታይ ፊትህን አታዙር። ነጋዴ ብትሆን፥ ዕቃህ በየት እንደሚያልፍ ብቻ ሳይሆን በማን እጅ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ጠይቅ። ሦስቱንም ባትሆን እንኳ ቃል የምትሰጥ ሰው ነህና፥ ቃል ስትሰጥ በልብህ ውስጥ ቃሉ የማይደርስበት አንድ ደሴት አስቀርተህ እንደሆነ መርምር። በአደባባይ የማደርገውና በጓዳ የማደርገው የተለየ ነው የሚል ሰው፥ የተረሳችው ደሴት በውስጡ ናት።

በርእሱ ለተጠየቀው መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ አይደለም። ያልተከለከለ ነገር ገና ያልተጠየቀ ነገር ነው፤ ሕጉ እስኪጠይቅህ ሳትጠብቅ አንተ ራስህን ጠይቅ።